ንፍፊቷና ጥቁሩ ቀሚስ

ባሌ ክር በመቀስ ቆርጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ነው፤ መቀስ ሞልቶታል። አንዱ ለወፍራም ጨርቅ፣ አንዱ ለስስ፣ አንዱ ደግሞ ማንም እንዳይነካበት ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው። ክር ላይ ሲደርስ ግን ጎንበስ ይልና በጥርሱ ቀጭ! "ኧረ አንተ ሰው፣ መቀሱ አጠገብህ ነው" እለዋለሁ። "እሱን እስካነሳ ሌላ እጅጌ እገጥማለሁ" ይለኛል። ተጋብተን አንድ ሱቅ ውስጥ መሥራት ከጀመርን ወዲህ እኔ ይሄንኑ እላለሁ፣ እሱም ይሄንኑ ይመልሳል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ሱቃችን ጠባብ ናት። በሩ አጠገብ የእሱ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ጀርባ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የእኔ ወንበር። እሱ ይቆርጣል፣ በመኪና ይገጥማል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ በእጄ እሠራለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። በእኔ እጅ ሳያልፍ ከዚያ ቤት የሚወጣ ልብስ የለም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ጠቅሞኛል።

የሰፈሩ ሰው ባሌን "ሜትሩ" ነው የሚለው። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ሜትር ለወጉ ያህል ናት፤ ሰውን የሚለካው በዓይኑ ነው። በበራችን የሚያልፈውን ደንበኛ አይቶ "ይሄ ሰውዬ ወፍሯል፤ ሱሪ ለማስፋት ይመጣል" ይላል። ሰውዬውም ሱሪውን በፌስታል ይዞ ከች ይላል።

ነገሩ የጀመረው በአንገት ልብስ ነው። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወር፣ አንድ ጠዋት አንገቱን ጠምጥሞ መኪናው ላይ ተቀመጠ።

"ምነው?" አልኩት።

"ብርድ መታኝ።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ብርድ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።"

ሳቅሁና ተውኩት። በማግስቱም ጠመጠመ፣ በሳምንቱም። ምሳ ላይ ቀስ እያለ በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። ሲሰፋ ማንጎራጎር ልማዱ ነበር፤ እሱንም ተወ። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ምን እሆናለሁ?" ይለኛል። እንዲህ የሚል ሰው አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነገሩን አልበረበርኩትም።

በዚያው ሰሞን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ያስቀመጠውን ጥቁር ጨርቅ አወረደ። ምን ዓይነት ጨርቅ መሰላችሁ! እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ተጨብጦ ሲለቀቅ የማይጨማደድ። ስንቱ ለምኖት "የሚሸጥ አይደለም" እያለ የመለሰው ነው። አሁን ዘርግቶ ቀሚስ ቆረጠበት።

"የማን ነው?" አልኩ።

"የአንዲት ሴት። ባሏ የሞተባት።"

"መቼ መጣች?"

"አንቺ ገበያ ስትሄጂ።"

"ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው ይሄን ጨርቅ ያወረድክላት?"

ቀና ብሎ አየኝና "ይገባታል" አለ። ትንሽ ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ፤ አልዋሽም። ግን በባሏ ሞት የተጎዳች ሴት ላይ መቅናት ነውር ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ቀሚሱ ለእጅ ሥራ ወደ እኔ ሲመጣ ደግሞ አዘንኩላት። ሲዘመዘም የሚውለው ጠርዝ፣ ከአንገት እስከ ወገብ የተደረደሩት ትንንሽ ቁልፎች፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው ያለፈው። በእያንዳንዱ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ "አይዞሽ እህቴ" እላለሁ። ወገቡን ስይዘው ጠበበኝ።

"ቀጭን ናት እንዴ ሴትየዋ?"

"ሐዘን ያከሳል" አለ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል።

ጨርሼ ሰጠሁት። በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ ከውስጥ በኩል ሚስማር ላይ ሰቀለው። እኔም ረሳሁት።

ጉዱን ያወጣው ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባሌ ክር ሊገዛ ወጣ እንዳለ፣ መላጫውን እንደያዘ በራችን ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ሜትሩን ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ? እኔ ጋ ከተላጨ ስንት ጊዜው! ሌላ ቤት ለምዶ ከሆነ ንገሪኝና ቁርጤን ልወቅ።"

እውነትም ጢሙ አድጎ ነበር። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልቤ ጠረጠረ፤ የአንገት ልብስ፣ ያልተላጨ ጢም፣ በአንድ ጎን ማኘክ። ባሌ ክሩን ይዞ ሲገባ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"የአንገት ልብሱን ፍታ።"

"ምን አግኝቶሽ ነው?"

"ፍታ አልኩህ!"

አልፈታ ሲል ራሴ ጎትቼ ፈታሁት። ከአገጩ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል እብጠት። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"አየሻት?" አለ በቀስታ።

"መቼ ወጣች?"

"ሰንብታለች።"

"ታምሃለች?"

"ስነካት።"

"ታዲያ ለምን ትነካታለህ?"

"መኖሯን ለማወቅ።" ቁጭ አለ። "የወንድሜም ልክ እዚህ ነበረች።"

ታላቅ ወንድሙን ማለቱ ነው፤ ሙያውን ያስተማረውን። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት፣ ካንሰር ሆኖ፣ ባሌ እያስታመመው በእጁ ላይ አረፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ባሌ ያቺን እብጠት በጣቱ ያገኛት ቀን ፍርዱን ለራሱ ፈርዶ ጨርሷል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ እሱ ብቻውን ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ማልቀስም መምታትም አማረኝ።

"ተነስ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"ስሟን ከነገሩኝ በኋላ እዚህ መኪና ላይ መቀመጥ አልችልም። ሳላውቃት እስከምችለው ድረስ ልሥራ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!"

"ይቺስ ብትሆን ምን መድኃኒት አላት?"

"ማን ነገረህ? አንተ ልብስ ሰፊ ነህ!"

ፀጉር ቆራጩ ለካ አልሄደም፤ በሩ ጥግ ተለጥፎ ሁሉን ሰምቷል። ገባና ሳይፈቀድለት የባሌን አገጭ ወደ ብርሃን አዞረ።

"ኧረ ይሄ ንፍፊት ነው! እኔ በቀን ስንቱን በእጄ እነካለሁ? ጭንቅላቱ የቆሰለ ልጅ ሁሉ ማጅራቱ ላይ እንዲህ ያለ አለው። የእኔዋ ልጅ ቶንሲል በያዛት ቁጥር ግራና ቀኝ ታወጣለች፤ ሲሻላት ትጠፋለች።"

ይሄን ሲል ትንፋሼ መለስ አለልኝ። ልመርቀው አፌን ስከፍት "መፍትሔው በትኩስ ፎጣ አሽቶ አሽቶ ማፍረጥ ነው። አሁኑኑ ላምጣ?" ብሎ ምርቃቱን አበላሸው። በክርኔ ገፍቼ አስወጣሁት።

ባሌ ግን ንቅንቅ አላለም። ለመንኩት፣ "በሞቴ" አልኩት፣ ተቆጣሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ያን ጊዜ ነው ደሜ ፈልቶ መርፌዬን ትራሷ ላይ የሰካሁት።

ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ሸሚዝ ተከምሯል፤ ሰኞ ይረከቡናል። ሁሉም ተገጥሟል፣ የቀረው የእኔ ሥራ ነው። እጄን አጣጥፌ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

"ምን እየሆንሽ ነው?" አለ።

"አድማ መትቻለሁ። ሐኪም ቤት ካልሄድክ ቁልፍ የለም።"

"ሰዎቹ ሰኞ ይመጣሉ እኮ!"

"ይምጡ። ደረታቸውን ከፍተው ያስተናግዱ።"

ሳቁ ሊመጣበት ሲል ዋጠው። እልኸኛ ነውና መርፌ አንስቶ የቁልፍ ቀዳዳ ራሱ ሞከረ። ወይ ጉድ! አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። ሌላም ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ቁልፉ ከነጓደኛው ያልፍበታል። በሁለተኛው ቀን ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ የአንገት ልብሱን ጠመጠመና "እሺ፣ ነይ" አለኝ። ፊቱን ሳይ አሸነፍኩ ብዬ መደሰት አልቻልኩም። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስዱት ሰው ነበር የሚመስለው።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ብዙ ቆየን። የጠራችን ሐኪም ልጃችን ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ባሌ ገና ሲገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የጋወኗ ትከሻ ተንጋዷል፤ ማን ነው እንዲህ የገጠመው?" አለኝ። የሚሞት ሰው ስለ ትከሻ ስፌት አይጨነቅም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

እሷ ግን ቀስ ብላ ነበር የምትሠራው። ከወጣች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? ታድጋለች? ትኩሳት አለ? ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ? የሰነበተ ሳል? ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው? ክብደት ቀንሰዋል? "ትንሽ" አለ ባሌ፤ እኔ ደግሞ "አያኝክማ!" ብዬ ገባሁበት። እብጠቷን በጣቷ ጫፍ ወዲህ ወዲያ አደረገቻት፤ የአንገቱን ሌላውን ጎን፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱን ዳሰሰች። ጆሮውንና የራስ ቆዳውን አየች።

"አባቴ፣ እግርዎ ቆስሎ ብሽሽትዎ ላይ ንፍፊት ወጥቶብዎት ያውቃል?"

"ልጅ ሆኜ፣ ሚስማር ወግቶኝ።"

"ብሽሽትዎ ነበር የታመመው?"

"የለም፣ እግሬ ነው እንጂ። ሲድን እሷም ጠፋች።"

"ይቺም የዚያች እህት ናት። እነዚህ ዕጢዎች በየመንገዱ እንደቆሙ ዘበኞች ናቸው፤ በአካባቢያቸው ጀርም ሲገባ እየተዋጉ ያብጣሉ። የብሽሽቱ እግርን ይጠብቃል፤ የብብቱ እጅን፤ የአንገቱ ደግሞ አፍን፣ ጉሮሮን፣ ጆሮን፣ ራስን። እኔ አሁን የምፈልገው ዘበኛውን ያስጮኸው ሌባ በየት እንደገባ ነው።"

ባሌ ወለሉን እያየ "የወንድሜ ግን እንዲህ አልነበረችም" አለ። ጠየቀችው፣ ነገራት። የወንድሙ እብጠት አታምም ነበር። ስለማታም ዝም አለ፤ እሱም በአንገት ልብስ ሸፈናት። እንደ ድንጋይ ጠጠረች፣ ብትገፋ የማትነቃነቅ ሆነች፣ አደገች። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ይሄን ለእኔም እንዲህ ዘርዝሮ ነግሮኝ አያውቅም።

ሐኪሟ እብጠቷን እንደገና ዳሰሰች። "ካንሰር አይደለችም ብዬ ምዬ አልነግርዎትም" አለችው። "የእርስዎ ታማለች፣ ስነካት ትንሸራተታለች፤ ይሄ ብዙውን ጊዜ የቁስል ምልክት ነው። እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

ከፈተ። ባትሪዋን አበራች፤ መጀመሪያ የፊት ጥርሶቹ ላይ ቆመች። ሁለቱ መሐል ላይ ተፈግፍገው ክር የምታህል ቦይ ሠርተዋል።

"በጥርስዎ ምን ይቆርጣሉ?"

መልሱን ለባሌ አልተውኩለትም። "ክር! ክር ነው ዶክተር! ይኸው ከተጋባን ጀምሮ 'መቀስ' እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ!"

"ወፍራም ክርስ?"

"ወፍራሙን በጎን ነው" አለ ባሌ፣ እንደተያዘ ተማሪ። "የፊቶቹ ስለማይችሉት።"

በጎን በኩል በብረት መስታወቷ ገባች። አንዱ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ ሥሩ ላይ ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። በመስታወቷ ጫፍ ነካ ስታደርገው ባሌ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ይሄ እኮ ያምዎታል! ለምን አልነገሩኝም?"

"እሷንማ ... አልቆጠርኳትም" አለ። "እኔ እኮ በዚችኛዋ ነው የተጨነቅሁት።"

እዚያው ክሊኒክ ጥርስ ሐኪሙ ነቀለለት፣ መግሉንም አወጣለት። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡት። ሐኪሟ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችን። አንደኛ፣ እብጠቷን መነካካትና ማሸት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለች ንፍፊት በአንድ ቀን አትጠፋም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካልቀነሰች፣ ወይም ከጠጠረች፣ በመርፌ ናሙና እንወስዳለን አለች። እኔ የሰማሁት ይሄን "ናሙና" የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከመጀመሪያው ከበደኝ። ባሌ ጥርሱ ሲሻለው ነፍሱ መለስ አለች፤ የአንገት ልብሱን ጣለ፣ ፀጉር ቆራጩ ዘንድ ሄዶ ተላጨ። ፀጉር ቆራጩም "ንፍፊት ነው አላልኩም?" እያለ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ አወራ፤ ስለ ትኩስ ፎጣው ግን ትንፍሽ አላለም። እኔ ግን ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። አድማ ሳደርግ ቁጣው ይዞኝ ነበር፤ አሁን ቁጣው ሲበርድ ፍርሃቱ ብቻውን ቀረ። መርፌዬ ላይ ሆኜ ቀና እልና አገጩን አያለሁ። ቀንሳለች? አልቀነሰችም። ዛሬ ጥላ ነው፣ ነገ ጢም ነው። እጁ ወደ አንገቱ ሲሄድ "እጅህን!" እላለሁ፣ የእኔው እጅ ደግሞ ልንካት ልንካት ይለኛል። ምግብ አፌ ውስጥ ይንከራተታል እንጂ አይወርድም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ቀጠሮው ደረሰና ሄድን። ሐኪሟ ጣቷን ከአገጩ ሥር አስገብታ ቶሎ አላገኘቻትም። ፈለገች። 

"ይቺ ናት" አለች በመጨረሻ። "ምስር ታክላለች። ለስላሳ ናት። በዚሁ ትቀጥል፤ ናሙና አያስፈልገንም። ተመልሳ ካበጠች ግን በዚያው ቀን ይምጡ፤ የአንገት ልብስ ሳይጠመጥሙ።"

ባሌ ጎንበስ ብሎ አመሰገናትና ዝም ብሎ መውጣት ሲገባው "ልጄ፣ ያን ጋወን ሲመችሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ ትከሻውን አስተካክልልሻለሁ" አላት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ያየኝ ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሎት "አይዞሽ" ይለኛል።

ሱቅ ደርሰን በሩን እንደከፈትን ቤቱን ማፅዳት አማረኝ። ደስ ሲለኝ እጠርጋለሁ፤ ልማዴ ነው። ውስጥ በኩል ደርሼ አሮጌውን አንሶላ ስገልጥ ጥቁሩ ቀሚስ ተሰቅሏል።

"አንተ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ቀሚሷን አልወሰደችም! የሐዘን ልብስ እስካሁን ይቀመጣል እንዴ?"

ዞር ስል መኪናው ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ጎማ በባዶው ያሽከረክራል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ያኔ ገባኝ። ቀሚሱን ከሚስማሩ አወረድኩት።

"ምን ላድርግ?" አለ ሳያየኝ። "እኔ ከሄድኩ ማን ሊሰፋልሽ ነው? ያ የታችኛው መንገድ ልብስ ሰፊ? ትከሻ መግጠም የማይችል? በዚያ ቀን ትከሻው የተንጋደደ ልብስ ለብሰሽ ሰው ፊት ስትቆሚ ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።"

"አይዞሽ እህቴ" እያልኩ የሠራኋቸው ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። ለራሴ ነበር። መጋረጃውን ጋርጄ ቀሚሱን ለበስኩት። ለምን እንደለበስኩት አላውቅም።

ልክክ አለ። ያ ጠባብ ያልኩት ወገብ፣ ልክክ።

በመስታወቱ ራሴን አየሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ምን ያህል እንደከሳሁ ያየሁት ያኔ ነው። ሜትር ሳያነሳ፣ እኔ ገና ሳልከሳ፣ ስንት ጣት እንደምከሳለት በዓይኑ ለክቷል። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። አየኝና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ ጎኔን ስዳብስ ስፌቱ ሥር ወፍራም ነገር ነካሁ። ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ ከብብት እስከ ወገብ በሁለቱም ጎን ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ገብቷል። እሱ ደግሞ ጨርቅ የማያባክን ሰው ነው።

"ይሄን ሁሉ ትርፍ ለምን ተውከው?"

እጁን ከፊቱ ላይ አላነሳም። "ኋላ ሐዘኑ ሲወጣልሽ ትወፍሪያለሽ ብዬ ነው" አለ። "መወፈር አለብሽ። ያኔ እንድታሰፊው ነው።"

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ዛሬውኑ አስፋው።"

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ሜትሯን ከአንገቱ አወረደ። "ምን ያህል ላስፋው?"

"የተውከውን ትርፍ ሁሉ።"